ስልኩ ውጭ ይቀራል

እሷ፦ ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ሰርቪስናው በሚባል ሶፍትዌር ላይ ኮድ ይጽፋል። ሥራህ ምንድን ነው ስትለው፣ «ፎርም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አዞራለሁ» ይልሃል።

እሱ፦ ዋሸ እንዴ? ጥያቄው ይገባል፣ አለቃ ያጸድቃል፣ ቲኬቱ ይዘጋል፤ መሃሉን በጃቫስክሪፕት የሚያያይዘው እሱ ነው። ከኮዱ ይልቅ የሚከብደው ለመንግሥት ሥራ የሚጠየቀው የደህንነት ፈቃድ ነው።

እሷ፦ ኧረ ያ ኤስኤፍ-86 የሚሉት ቅጽ! የ10 ዓመት አድራሻ፣ የ7 ዓመት የውጭ ጉዞ። በየሳምንቱ የሚደውልላት የአዲስ አበባ አክስታችን ሳትቀር ተመዘገበች።

እሱ፦ ከመመዝገቧ ይልቅ መደበቋ ይጎዳዋል። ደግሞ ማንም ተነስቶ በግሉ አያመለክትም፤ የአሜሪካ ዜግነት ኖሮት ቀጣሪው ስፖንሰር ሲያደርገው ነው።

እሷ፦ ቀን ስንደውል ግን አያነሳም። አክስቴ አኩርፋለች።

እሱ፦ የሚሠራበት ምስጢራዊ ክፍል ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ማታ ትደውልለት።