ባሕር በደጋ ምድር፤ የኮራል ገንዳ አጀማመር



የባሕር ውኃ የያዘና በውስጡ ኮራል የሚያድግበት የመስተዋት ገንዳ ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው የሳሎን ጌጥ ይመስላል። መሐንዲስ ቀርቦ ሲያየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሌትና ቀን ሳያቋርጥ የሚሠራ፣ ጭነቱ በየዕለቱ የሚለዋወጥ፣ ዋነኞቹ ሠራተኞቹም በዓይን የማይታዩ አነስተኛ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰናከሉት መሣሪያ አጥሯቸው አይደለም፤ ጣቢያው ሥራ ሳይጀምር ጭነት ስለሚያስገቡበት ነው። የሚከፈለው ዋጋም የገንዘብ ብቻ አይደለም። ከባሕር ተይዞ፣ በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በአውሮፕላን የተጓዘ ነፍስ ያለው ፍጥረት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል።

ባሕርን በመስተዋት ውስጥ የማኖር ሙከራ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተካፈለበት የለንደን መካነ አራዊት አኳሪየም ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1853 ነበር። ያን ጊዜ ግን ውኃውን የሚያጠራው ምን እንደ ሆነ በትክክል አይታወቅም ነበር። ምስጢሩ የተገለጠው ከፍሳሽ ሥራ ነው፤ ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1877 ፍሳሽን በአሸዋ ውስጥ በማሳለፍ፣ አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለወጠው በሕያዋን ሥራ መሆኑን አሳዩ። ከዚያም ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ኢንዶኔዥያዊው ሊ ቺን ኤንግ ከባሕር የወጣ ሕያው ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ በመጠቀም ኮራል ማኖር እንደሚቻል ጻፈ። የሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ከጎረቤታችን ከጅቡቲ የተወሰደ የኮራል ሪፍ በገንዳው ውስጥ በሕይወት ለማቆየት በቃ።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የናይትሮጅን ጉዞ ነው። ዓሣ ከሚመገበው ምግብ የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያስወጣል፤ አሞኒያም በጥቂቱ እንኳ መርዝ ነው። አንደኛው የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ከሁለቱ ይልቅ እጅግ የቀለለ ነው። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች አዝጋሚዎች መሆናቸው ላይ ነው። ሌላው ባክቴሪያ በሃያ ደቂቃ እጥፍ በሚሆንበት ጊዜ እነርሱ ለአንድ መባዛት አንድ ቀን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ይፈልጋሉ። ገንዳው በተሞላ ማግስት አምስት ዓሣ የገዛ ሰው እንግዲህ ሠራተኛ ላልተቀጠረበት ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ እያስገባ ነው።

ትክክለኛው አጀማመር ባዶ ገንዳ ማሠራት ነው። ውኃው ከጨው ጋር ይዋሐዳል፣ ድንጋዩና አሸዋው ይገባል፣ ፓምፑና ማሞቂያው ይነሣል፤ ከዚያም ሳሙናም ሆነ ሽቶ ያልተቀላቀለበት አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊግራም ያህል ይጨመራል። በየሁለት ቀኑ ይለካል፤ ልኩም በመዝገብ ይጻፋል። በመጀመሪያ የአሞኒያው መስመር ከነበረበት ዝቅ ማለት ይጀምራል፤ የናይትራይቱ ከፍ ይላል፤ እርሱም በተራው ይወድቅና ናይትሬት ብቻ ይቀራል። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በመጨረሻ የሚደረገው ነገር ለግንባታ ባለሙያ እንግዳ አይደለም፤ የርክክብ ፍተሻ ነው። ያው 2 ሚሊግራም እንደገና ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ከጠፉ ጣቢያው ጭነት ለመቀበል ደርሷል፤ ካልጠፉ አልደረሰም። ጎረቤት በየቀኑ እየመጣ «ዓሣው የታለ?» ማለቱ አይቀርም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፤ ልዩነቱ እዚህ የፈሰሰው የማይለቀም መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ቁጥር እንሂድ። አንድ ሜትር ርዝመት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 45 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ገንዳ ድንጋዩ የሚይዘውና ከላይ የሚተወው ክፍት ቦታ ሲቀነስ 200 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል እንበል። የባሕር ውኃ በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው 7 ኪሎ የሚበልጥ ጨው ያስፈልጋል። ይህም የወጥ ጨው ሳይሆን ካልሲየም፣ ማግኒዝየምና ሌሎችም ማዕድናት በልካቸው የተመጠኑበት የአኳሪየም ጨው ነው። የሚሟሟበት ውኃ ክሎሪን የሌለው፣ ቢቻል በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ መሆን አለበት። መዳብ ወይም ነሐስ ያለበት ቧንቧና መገጣጠሚያ ግን ፈጽሞ አይነካውም፤ ለሰው የማይሰማ የመዳብ መጠን ኮራልንና ሽሪምፕን ይገድላል።

ከገንዳው በቀን 2 ሊትር ይተናል ብንል፣ የሚተነው ውኃ ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። ሳምንት የተረሳ ገንዳ 14 ሊትር አጥቶ ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 37.6 ይወጣል። የጎደለውን በጨው ውኃ የሚሞላ ጀማሪ ደግሞ በየቀኑ 70 ግራም ጨው ይጨምራል፤ በወሩ ከ2 ኪሎ ይበልጣል፤ ጨዋማነቱም 45 ያህል ይደርሳል። ስለዚህ የተነነው የሚተካው በንጹሕ ጨው አልባ ውኃ ነው። ይህ ስሌት በተፈጥሮም አለ። ቀይ ባሕር የሚገባበት ይህ ነው የሚባል ወንዝ የሌለውና በዓመት 2 ሜትር ያህል የሚተን በመሆኑ፣ የጎደለውን በባብ ኤል መንደብ በኩል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚገባ የጨው ውኃ ይሞላል፤ ከዚህም የተነሣ በሰሜን ዳርቻው ጨዋማነቱ ከ40 ያልፋል። ቀይ ባሕር ከታች የከበደውን ውኃ ወደ ውጭ የሚያስወጣበት በር ስላለው ከዚያ በላይ አይከርም። ገንዳው ግን በር የለውም።

ናይትሬት በየሳምንቱ ውኃ በመለወጥ ይቀነሳል ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ስሌቱን የሚሠራው ጥቂት ሰው ነው። ምግቡ በሳምንት በሊትር 5 ሚሊግራም ናይትሬት የሚያስከትል ከሆነና በየሳምንቱ ከውኃው አንድ አሥረኛው ከተለወጠ፣ ናይትሬቱ ከፍ እያለ ሄዶ የሚረጋው በ50 ነው፤ ምክንያቱም የሚወጣው ከሚገባው ጋር የሚተካከለው እዚያ ሲደርስ ብቻ ነው። ውኃው በእጥፍ ቢለወጥ 25 ላይ ይረጋል፤ ምግቡ በግማሽ ቢቀነስም ያው 25 ነው። ሁለተኛው መንገድ ጨውም ጉልበትም አያስወጣም። ስለሆነም የምግቡ ቁንጥር ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል።

ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ለሚገኝ እንደ አዲስ አበባ ያለ ከተማ ግን በውጭ አገር መጻሕፍት የማይገኝ አንድ ጉዳይ አለ። በባሕር ዳርቻ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ የባሕር ውኃ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ የውኃው ድርሻ ወደ 5 ሚሊግራም ይወርዳል። በ200 ሊትር ውስጥ ያለው ኦክስጅን እንግዲህ በጠቅላላው አንድ ግራም ነው! ዓሣውም፣ ኮራሉም፣ በድንጋዩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም በሌሊት የሚካፈሉት ይህን አንድ ግራምና ከላይ ከአየሩ የሚገባውን ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር ከተማ የሚበቃው የዓሣ ቁጥር እዚህ ይበዛል፤ የውኃው ገጽም በፓምፕ ዘወትር መናወጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ አስቀድሞ የሚያሰጋው የሙቀቱ መውረድ አይደለም፤ 200 ሊትር ውኃ ሙቀቱን በዝግታ ነው የሚለቀው። የሚያሰጋው የውኃው መቆም ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከዓሣው በፊት መገዛት ይኖርበታል።

ስለ ክብደቱ ለዚህ ጉባኤ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ውኃው፣ ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ መስተዋቱና ማቆሚያው ተደምረው 300 ኪሎ ገደማ በግማሽ ካሬ ሜትር ላይ ያርፋሉ። ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ገንዳውን በወለሉ መካከል ሳይሆን ከምሰሶ ወይም ከተሸካሚ ግድግዳ አጠገብ ቢያቆመው ይሻላል።

ጣቢያው ርክክቡን ካለፈ በኋላ ዓሣ የሚገባው አንድ በአንድ ነው፤ የባክቴሪያው ብዛት ከጭነቱ ጋር የሚመጣጠንበት ጊዜ ያስፈልገዋልና። ለመጀመሪያው ዓሣ ክላውንፊሽ የሚባለው ወገን ይመረጣል፤ ጠንካራ ከመሆኑም በላይ በሰው እጅ የሚራባ ስለሆነ ከባሕር መያዝ የለበትም። ከዚህ ወገን የቀይ ባሕሩን ባለ ሁለት ቀበቶ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1830 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል፣ ጥቂት ቆይቶ ወደ ኢትዮጵያ ተጉዞ ስለ አገሩ የጻፈው ያው ጀርመናዊ ነው። በእነዚህ ወራት ድንጋዩን ቡናማ፣ ቀጥሎም አረንጓዴ አልጌ ይሸፍነዋል። ጀማሪው ተደናግጦ መድኃኒት መጨመር የለበትም፤ ቀንድ አውጣዎች ይበቁታል።

ከኮራል ወገን መጀመሪያ የሚገቡት ልስልሶቹ ናቸው። ከእነርሱም ዞአንተስ የተባሉት ጥቃቅን አበባ የሚመስሉት ብርቱ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ አደገኛ መርዝ አላቸው። እነርሱ የበቀሉበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብለው በፈላ ውኃ የቀቀሉ ሰዎች በእንፋሎቱ ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል። ጓንት ይለበሳል፣ ዓይን ይሸፈናል፣ ድንጋይ አይቀቀልም።

አጽም የሚሠራው ጠጣር ኮራል ተራው የሚደርሰው መዝገቡ ለወራት ያለ ግርግር ሲሄድ ነው፤ ስድስት ወር ብዙ አይደለም። ከዱር የተቆረጠ ሳይሆን በገንዳ ካደገ እናት ኮራል የተወሰደ ቁራጭ መሆን ይኖርበታል፤ በሞቀው ባሕር ኮራሎች እየነጡ በሚያልቁበት በዚህ ዘመን ሌላው መንገድ ለማስረዳት ያስቸግራል። ቁራጩ ሲያድግ በዓይን የሚታይ ለውጥ ለረጅም ጊዜ የለም። መዝገቡ ግን ይናገራል። ውኃው አልካሊኒቲ የሚባለውን ማጣት ይጀምራል፤ አንድ ሚሊ ኢኩዊቫለንት ሲቀንስ ካልሲየሙም 20 ሚሊግራም አብሮ ይቀንሳል። በ200 ሊትር ገንዳ፣ በሊትር የአንድ አሥረኛ ሚሊ ኢኩዊቫለንት መቀነስ ማለት ኮራሉና ድንጋዩን የሚለብሰው ሐምራዊ አልጌ ተባብረው አንድ ግራም ያህል አዲስ ድንጋይ ሠርተዋል ማለት ነው።