ለመንደር ጋዜጣ አንባቢን ስለ ማግኘትና አግኝቶም ስለ ማቆየት

በጉንችሬ ለመምህራንና ፊደል ለሚያውቁ ሽማግሎች የተነገረ



ፊደልን ለሕዝብ ማስተማር ታላቅ ሥራ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ፊደል የቈጠረ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያነበው ነገር ካላገኘ፥ እውቀቱ እንደ ተጣለ ማጭድ እየዛገ ይሄዳል። ለዚህም ምስክር ከሩቅ አይፈለግም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገሩ ሁሉ በተጀመረ ጊዜ፥ ሽማግሌውና ባልቴቷ ሳይቀሩ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሀ ሁ አሉ። ትምህርቱም እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፤ ዘመቻውም በ1980 በፈረንጅ አቈጣጠር ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘ። ዳሩ ግን ለአዲሱ አንባቢ የሚሆን ወረቀት በየቀበሌው ሳይደርስለት ስለ ቀረ፥ ያን ጊዜ ስሙን ይጽፍ የነበረ ብዙ ሰው በአውራ ጣቱ ወደ መፈረም ተመለሰ። ይህ የመምህሩም የተማሪውም ስንፍና አይደለም፤ የሚነበብ ነገር ከመታጣቱ የመጣ ነው።

ስለዚህ በጉንችሬና በዙሪያው ባሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራን ከሽማግሎች ጋራ ተማክረው የመንደር ጋዜጣ ቢያቆሙ የተገባ ነው። መጀመሩ አያስቸግርም፤ ወረቀትና ቀለም፥ ጽሕፈቱም መልካም የሆነ አንድ ሰው ይበቃል፤ ማባዣ መኪና የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት ሰው ሁሉ ለአዲስነቱ ሲል ያየዋል፤ ሁለተኛውን እኩሌታው ያየዋል፤ አምስተኛውን ግን ከጻፈው ሰው በቀር የሚያየው ይጠፋል። እንግዲህ ዛሬ የሚነገረው ነገር ይህ እንዳይሆን ስለሚደረገው ጥንቃቄ ነው።

በኢትዮጵያ ጋዜጣ የተጀመረው በታላቅ መኪና አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1890ዎቹ ዓመታት፥ እንድርያስ ካቫዲያስ የሚባል የግሪክ ሰው በአዲስ አበባ በእጅ የሚጻፍ ወረቀት በየሳምንቱ ያወጣ ጀመር፤ ንጉሠ ነገሥቱም «አእምሮ» ብለው ስም አወጡለት። በመጀመሪያ በእጅ የሚገለበጠው ቅጂ 24 ብቻ እንደ ነበረ፥ ማባዣ መሣሪያ ከመጣ በኋላም ቍጥሩ እስከ 200 እንደ ደረሰ ይነገራል። በዚያው ዘመን የሐማሴኑ ተወላጅ ብላታ ገብረ እግዚአብሔርም በእጃቸው እየጻፉ የሚያሰራጩት ወረቀት ነበራቸው። ሃያ አራት ወረቀት ለአንድ ከተማ ምን ይሆናል የሚል ሰው አይታጣ ይሆናል። ነገር ግን ያን ጊዜ አንድ ወረቀት የአንድ ሰው ገንዘብ አልነበረም፤ አንዱ ያነባል፥ ዐሥሩ ይሰማል፥ የሰማውም ወደ ቤቱ ሄዶ ያወራል። በገጠርም ነገሩ እንዲሁ ነው። ስለዚህ የመንደር ጋዜጣ የሚያዘጋጅ ሰው ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለጆሮም እንደሚጽፍ ይወቅ፤ የጻፈውንም ከመለጠፉ አስቀድሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። ሲነበብ ትንፋሽ የሚያሳጥር ዐረፍተ ነገር ለሚሰማው ሰው አይገባውም።

ከአእምሮ በኋላ ከመጡት ጋዜጦች ይልቅ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የሚያስተምረው «ብርሃንና ሰላም» ነው። ይህን ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ያቆሙት በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ናቸው፤ በየሳምንቱ ሐሙስ እየወጣ እስከ 1928 ዓ.ም. የጠላት ወረራ ድረስ ኖረ። ማተሚያ ቤት ነበረው፤ የመንግሥትም ጥላ ነበረው። ነገር ግን አንባቢውን የያዘው ይህ ብቻ አይደለም። በጋዜጣው የሚጽፉት አዘጋጆቹ ብቻ አልነበሩም፤ ከልዩ ልዩ አገር ያሉ አንባቢዎች አሳባቸውን ይልኩ ነበር፥ ጽሑፋቸውም ከነስማቸው ይታተም ነበር። ብላታ ደሬሳ አመንቴ ከወለጋ ሆነው ደጋግመው ይጽፉበት ነበር። ሐሙስ በመጣ ጊዜ አንዱ የላከው ጽሑፍ ወጥቶ እንደ ሆነ ለማየት፥ ሌላው ለዚያ ጽሑፍ ምን መልስ ተሰጠ ብሎ ለማወቅ፥ ሦስተኛው ደግሞ የሁለቱን ክርክር ለመስማት ወረቀቱን ይፈልጋል። አንባቢ ከጋዜጣ ጋራ የሚወዳጀው እንዲህ ነው፤ ጋዜጣው የእርሱም ቃል ያለበት ሲሆን ነው።

አዋጅ ይህን አይፈልግም። በ1934 ዓ.ም. የተጀመረው «ነጋሪት ጋዜጣ» ስሙን ያገኘው አዋጅ ሲነገር ይጐሰም ከነበረው ከነጋሪት ነው፤ ሕግም እንደ ነጋሪት ሊሰማ ይገባዋልና ይህ ስም ተስማሚው ነው። የመንደር ጋዜጣ ግን ነጋሪት አይደለም። አንዳንድ መምህር ወረቀት ባገኘ ጊዜ ከላይ እስከ ታች «አድርጉ፥ አታድርጉ» በሚል ትእዛዝ ይሞላዋል፤ ምክሩ እውነት ቢሆንም እንኳ የሚታዘዝ እንጂ የሚመለስ አንባቢ አያገኝም፤ የሚታዘዘውም ቢሆን ጥቂት ነው።

ታዲያ የአንባቢው ቃል ወደ ጋዜጣው በምን ይገባል? በጥያቄ ይገባል። ከትምህርት ቤቱ ደጅ አንዲት ትንሽ ሣጥን ትቀመጥ፤ መጻፍ የሚችል ጽፎ ይጨምርባት፤ የማይችል ለልጁ ይንገረው፥ ልጁም ይጻፍለት። ከዚያ በየወረቀቱ አንድ ጥያቄ ተመርጦ ሙሉ መልስ ይሰጠው። አንድ ብቻ ይበቃል፤ ዐሥር ጥያቄ በዐሥር መስመር ከመመለስ አንዱን አሟልቶ መመለስ ይሻላል።

ለምሳሌ አንድ የእነሞር ገበሬ «የእንሰቴ መካከለኛ ቅጠል እየጠወለገ ቢጫ ሆነ፤ ሲቈረጥም ቢጫ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ምን ልሁን?» ብሎ ጠየቀ እንበል። የዚህ ሰው ቤት ጓዳው፥ ድግሱና የከርሞ ተስፋው በእንሰቱ ውስጥ ስለሆነ ነገሩ የቀልድ አይደለም። ጋዜጣው «የግብርና ሠራተኛ ጠይቅ» ብሎ ቢያልፈው ሰውዬው ዳግመኛ አይጠይቅም። አዘጋጁ ራሱ ወደ ግብርና ሠራተኛው ሄዶ ይጠይቅና እንዲህ ብሎ ይጻፍ፤ ይህ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው፤ ባክቴሪያ ከሚባል በዓይን ከማይታይ ረቂቅ ነገር ይመጣል፤ የታመመውን የቈረጠ ቢላ ጤነኛውን ሲነካ ይተላለፋል። የያዘውን እንሰት የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ስለዚህ የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ ይቀበራል፥ ከብትም እንዳይበላው ይጠበቃል፥ ቢላውም ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት በእሳት ይለበለባል። ይህን መልስ ያገኘ ሰው ወረቀቱን ለጎረቤቱ ያሳያል፤ ጎረቤቱም ገና ያልደረሰበትን በሽታ አስቀድሞ ይጠነቀቃል። ሁለቱም ለሚመጣው ወረቀት ደንበኞች ሆኑ ማለት ነው። በመጪው ወረቀት ደግሞ ያ ሰው ምን እንዳደረገና እንሰቱ እንዴት እንደ ሆነ በሁለት መስመር ይነገር፤ የተጀመረ ነገር ፍጻሜውን ለማወቅ የማይጓጓ ሰው የለምና።

በዚህ ጉዳይ ሴቶች ሊረሱ አይገባም። እንሰትን የሚፍቁት፥ የሚያብላሉትና ቆጮ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው፤ የትኛው ዐይነት ለቆጮ፥ የትኛው ለአሚቾ እንዲሻል ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ አይገኝም። ከአንዲት ባልቴት ቃል ተቀብሎ ከነስሟ የጻፈ ጋዜጣ የመንደሩን እኩሌታ አንባቢ ወይም ሰሚ አደረገ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ቀንን መጠበቅ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በመስከረም 1 ቀን የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ሲያውጁ ሕዝቡ ጆሮውን የሚሰጠው ቀኑ ስለማይዛነፍ ነው። በአሜሪካም ቤንጃሚን ፍራንክሊን የሚባለው ማተሚያ ቤት የነበረው ሰው ከ1732 ጀምሮ በፈረንጅ አቈጣጠር የዓመት መቍጠሪያ በየዓመቱ ያወጣ ነበር፤ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ሳያቋርጥ አወጣ፤ በዓመትም ወደ 10,000 የሚጠጋ ይሸጥ እንደ ነበር ራሱ ጽፎአል። ሰው የሚገዛው ቀንና ጨረቃን ለማወቅ ነበር፤ ፍራንክሊን ግን በቀኖቹ መካከል የሚተርፈውን ጠባብ ቦታ በምሳሌያዊ አነጋገር ይሞላው ነበርና፥ ለቀኑ የመጣው ሰው ስለ ምሳሌው ወዳጅ ሆኖ ቀረ። ሌላ መጽሐፍ መግዛት የማይችለው ድኻ ያንን ያነብ ነበር። በጉንችሬም የገበያው ቀን፥ የክትባቱ ቀን፥ የማዳበሪያው መምጫ፥ የዕድሩ ስብሰባ በወረቀቱ ራስጌ ይጻፍ፤ ለዚያ ሲል የመጣው ሰው የቀረውንም ያነባል።

በየሳምንቱ ለማውጣት ተስሎ በየወሩ ከማውጣት፥ በየዐሥራ አምስት ቀኑ ብሎ ያንን መጠበቅ ይሻላል። አንባቢ ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ ግድግዳ ካየ ሦስተኛ አይመጣም። መምህር ደግሞ ይታመማል፥ ይዛወራል፥ የፈተና እርማት ይይዘዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ወረቀት ሳይለጠፍ አራት ወረቀት የሚሞላ ጽሑፍ አስቀድሞ በሣጥን ይኑር። ሥራውንም ሁለት ሰዎች ይያዙት እንጂ ለአንድ ሰው አይተው። የሚለጠፍበትም ስፍራ ከትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ አይሁን፤ ወደ ገበያ ወይም ወደ ጀፎረው በሚያወጣው በር አጠገብ፥ ዝናብ በማያገኘው ጣሪያ ሥር ይሁን።

ስለ እውነተኛነት ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ አንድ ሐሰት የብዙ ወራትን ድካም እንደሚያጠፋ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን እውነት ቢሆንም ጊዜውን የሚጠብቅ ነገር አለ። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ የተባለው የአባቶች ሥርዐት ሽማግሎች ጠቡን ሰምተው እንዲፈርዱ ያደርጋል። በሽማግሎች እጅ ያለ የድንበር ክርክር ወይም የባልና የሚስት ጠብ ሳይፈረድ በጋዜጣ ቢወጣ፥ ወረቀቱ አንዱን ወገን ይዞ ሌላውን ያጣል፤ ሽማግሎቹንም ያሳዝናል። ስለዚህ ከአዘጋጆቹ ጋራ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ጽሑፉን አስቀድመው ቢሰሙ መልካም ነው። ሽማግሌው ግን የመንደሩን ጉድለት ሁሉ «ይህ ያሳፍራል» እያሉ ይሰርዙ ዘንድ አይገባም፤ የፈረሰ ድልድይ ፈረሰ ተብሎ ይጻፍ። ምስጋና ብቻ የሚጽፍ ጋዜጣ እንደ ሠርግ ዘፈን ለዕለቱ ደስ ያሰኛል እንጂ ነገ የሚፈልገው የለም።

የቋንቋውም ነገር አለ። ጋዜጣው በአማርኛ ቢጻፍ ከሩቅ የመጣውም ያነበዋል፤ ነገር ግን በኢኖር ቋንቋ አንድ ምሳሌ ወይም እንቆቅልሽ በየወረቀቱ ቢጨመር የሚስቅለትና የሚከራከርበት ብዙ ነው። የጉራጌ አፍ በግእዝ ፊደል አይጻፍም የሚል ሰው ቢኖር፥ የጉራጌው ተወላጅ ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ ልብ ወለድ እንደ ጻፉና ያም በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በ1964 በፈረንጅ አቈጣጠር በአሜሪካ እንደ ታተመ ይነገረው። እንቆቅልሹ በአንዱ ወረቀት ይጠየቅ፥ ፍቺው በሚከተለው ይሰጥ።

በየኪሱ ስልክ ባለበት ዘመን ወረቀት ለምን ያስፈልጋል የሚል ወጣት ይኖራል። በስልክ የሚመጣው ወሬ የአዲስ አበባና የባሕር ማዶ ነው፤ የጉንችሬን ገበያ ዋጋና የጎረቤትን ለቅሶ የሚጽፍ ግን ከሩቅ አይመጣም። ደግሞም ስልኩ ራሱ ለጋዜጣው አገልጋይ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ተማሪ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶግራፍ አንሥቶ በአዲስ አበባ መርካቶ ለሚነግደው ወንድሙ ቢልክለት፥ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለው ሰው የአባቱን መንደር ነገር ያነባል። እንዲህ ያለው አንባቢ ከሁሉ ይልቅ ታማኝ ነው፤ ናፍቆት አለበትና።

የወጡት ወረቀቶች ከግድግዳ ሲወርዱ መጣያ እንዳይወድቁ። ከየዐይነቱ አንድ አንድ ቅጂ በቀኑ ተራ በክር ተሰፍቶ፥ ጠንካራ ወረቀት ለብሶ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ይቀመጥ። ለመስቀል ልጆች ሁሉ ከከተማ ወደ አገራቸው በሚገቡበት ሰሞን ያ ጥራዝ ወጥቶ በጀፎረው ላይ ካለው ጥላ ሥር ይነበብ፤ በጥያቄው ሣጥን አጠገብም ንጹሕ ወረቀትና እርሳስ ይቀመጥ።