ለሌሊት ጥበቃ ስለታሰቡት የመገናኛ ሬዲዮዎች
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ለጥበቃዎቻችን ያገለገሉ ሬዲዮዎች በርካሽ እንዲገዙ፣ ሞገዱንም አንድ የሰፈራችን ልጅ ከኢንተርኔት ባወረደው ክራክ ፕሮግራም፣ በቢሯችን ኮምፒውተር ላይ፣ በነጻ እንዲሞላልን ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እኔ በበኩሌ አልደግፈውም። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ይህ ሬዲዮ እንደ ቤታችን ሬዲዮ መስሚያ ብቻ አይደለም፤ ይልካልም። በየትኛው ሞገድ እንደሚልክ የሚወሰነው በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ሲሞላ ነው። ክራክ የሚባለው የኩባንያውን ፕሮግራም ቁልፉን ሰብረው የሚያድሉት ነው። ሰባሪው ውስጡ ምን እንደጨመረበት ማን ያውቃል? ብዙውን ጊዜ ሲጫን አስቀድሞ «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ዘበኛውን አስተኙልኝ የሚል እንግዳ መቼም ለደግ አይመጣም። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ያለው ደግሞ የአባላት መዝገብና የመዋጮው ሒሳብ ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ የምንለው በምን ይሆናል?

ሬዲዮውም አይተርፍም። ለሌላ ሞዴል የተሠራ ፕሮግራም ሲጻፍበት ድርቅ ብሎ የሚቀር አለ። የባሰው ግን ተሳስቶ የሚሠራው ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከከፍታ የተለቀቀ ሞገድ ርቆ ይሄዳል። የኛ ጥበቃ «ውሻው ምን አይቶ ነው?» ሲል የአምቡላንስ መነጋገሪያ ቢዘጋ፣ ያን ሌሊት ምጥ የያዛት እህታችን ብትሆንስ?

ሕጉም አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ሞገድ የሚፈቅደው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፕሮግራሙን በገንዘባችን ብንገዛው እንኳ የሞገድ ፈቃድ አይሆነንም፤ ይህን ብዙ ሰው ያደባልቀዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቺርፕ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሠሪዎቹ ራሳቸው ለማንም የፈቀዱት ነው። ባኦፌንግን የመሳሰሉ ብዙ ርካሽ ሬዲዮዎችን ይሞላል፤ የሞቶሮላን ሞቶትሪቦ ግን አይሞላም፣ ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ሞዴሉን እንጠይቅ። ልጁ ሞያ አለው፣ እሱን ማራቅ አይገባም፤ በዚሁ ይሥራ። አስቀድሞ በሬዲዮው ውስጥ ያለውን አንብቦ ያስቀምጥ፣ ሲበላሽ መመለሻ ይሆነዋል። ከዚያ በፈቃዱ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ያስገባ። ሻጩ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከሆነም ሞልቶ እንዲያስረክበን በውሉ ይጻፍ።

ፈቃዱ እስኪመጣ ጥበቃዎቹ በስልክ ይደዋወሉ፤ ፊሽካውም አለ። አሁን እጅ እንድታወጡ የምጠይቀው ለሁለት ነገር ነው፦ የፈቃዱን ማመልከቻ የሚያስፈጽሙ ሦስት ሰዎች እንዲመረጡና የጥበቃዎቹ የስልክ ካርድ ከመጠባበቂያው እንዲከፈል።