የሲኒው ድርሻ በቡና አገር፤ ከጅማ እስከ ቦንጋ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በኢትዮጵያ ከተሞች «ቡና ቤት» የሚል ጽሑፍ በበሩ ላይ አይቶ ቡና ለመጠጣት የሚገባ እንግዳ የሚቀርብለት ቢራ ወይም አረቄ መሆኑ የታወቀ ነው። ከጊዜ ብዛት ቃሉ ከትርጉሙ ተለይቶ፣ ቡናው ከቤቱ ወጥቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ቡና የፈለገ ሰው ኬክ ቤት ወይም ካፌ ብሎ መጠየቅ፣ አለዚያም በረንዳ ላይ ዕጣን የምታጨስና ጀበና የጣደች ሴት መፈለግ ይኖርበታል። ይህ የስያሜ መዛነፍ በሌላ ከተማ ቢሆን ፈገግ ከማሰኘት አልፎ ብዙ ባላነጋገረም ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅማ ለደረሰ መንገደኛ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በቡና ስሟ በሚጠራው ከተማ ውስጥ ቡናው ወዴት እንደ ሄደ መጠየቁ አይቀርምና።

የጅማ ገበያነት ከዛሬዪቱ ከተማ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ ከበታቹ ያለው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከሰሜንም ከደቡብም ነጋዴ ይስብ ነበር። የዝሆን ጥርስና ዝባድ፣ ማርና ቡና፣ ይባስ ብሎም ባሪያ ይሸጥበት ነበር። በዚያ ዘመን በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ይሸሽ ስለነበር፣ ዛሬ ከለቅሶውም ከደስታውም የማይለየው ጀበና በብዙ ቤት ውስጥ ዕድሜው ከ3 እና ከ4 ትውልድ የማያልፍ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ክልከላው የላላው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። ጅማ ግን አስቀድማም ትጠጣ ነበር።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ደግሞ በጅማ ላይ ሌላ ልማድ ጥሎ አልፏል። የኢጣልያ ዘመን ግንቦች በሚታዩበት በፈረንጅ አራዳ አካባቢ በጧት ለቁርስ የሚቀመጥ ሰው የሚያዝዘው በአብዛኛው ማኪያቶ ነው። በትንሽ ብርጭቆ ከታች ወተቱ ከላይ ቡናው ተለይቶ ሲቀርብ ለዓይን ያምራል። ጣዕሙን በሚመለከት ግን ቡናው እስኪጠቁር ተቆልቶ፣ ምሬቱም በወተትና በስኳር ተሸፍኖ ስለሚመጣ፣ ጠጪው የሊሙን ይሁን የጎማን፣ የዘንድሮውን ይሁን የአምናውን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ይህን ሲኒ አዲስ አበባም አዳማም ያገኘዋል። መኪናው የጅማ ካፌዎችን ከሌላው ከተማ ጋር አስተካክሏቸዋል፤ ጅማ ከሌላው ጋር መስተካከሏ ደግሞ ለጅማ ክብር አይደለም።

ከካፌው ደጅ ጥቂት ራመድ ሲሉ ነገሩ ይለወጣል። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ፣ የተጎዘጎዘ ቄጤማ፣ ረከቦት፣ ሲኒዎች፣ ከሰል የበዛበት ምድጃ። ጥሬው ቡና ታጥቦ በእንግዳው ፊት ይቆላል፤ ጭሱ ሲወጣ ምጣዱ ለእያንዳንዱ ሰው ቀርቦ ይሸተታል፤ ከዚያም ተወቅጦ ወደ ጀበናው ይገባል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ አንድ ሰዓት ያልፋል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ጠጪው ፍሬውን በጥሬው የሚያየው መሆኑ ነው። የተሰበረውን፣ በነቀዝ የተበሳውን፣ ሻጋታ የነካውን ፍሬ የምታፈላዋ ሴት በጣቷ እየለቀመች ስትጥል ሁሉም ይመለከታል። የቡና ቀማሽ ባለሙያ በላቦራቶሪ የሚያደርገው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እርሱም ናሙናውን አይቶ፣ ጉድለቱን ቆጥሮ፣ ቆልቶና ፈጭቶ፣ በማንኪያ ስቦ ይቀምሳል። ልዩነቱ እርሱ መትፋቱ፣ እርሷ ደግሞ ማጠጣቷ ነው። ይሁን እንጂ የእርሱ ዕውቀት በወረቀት ሰፍሮ ዋጋ ሲያወጣ፣ የእርሷ ዕውቀት ከምድጃው አልፎ አይሄድም። በጥቂት ገንዘብ በርጩማና ሲኒ ገዝተው በየጥጋጥጉ ለሚነግዱት ለብዙዎቹ ወጣት ሴቶች የቅምሻን ትምህርት ለመስጠት አሳቡ ቢኖር፣ በተለይ የመቁላቱን ነገር፣ ወጪው ትንሽ ውጤቱም በዚያው ሳምንት የሚቀመስ በሆነ ነበር።

እንግዲህ ከላይ ወደ ተነሣው ጥያቄ ስንመለስ፣ ቡናው የሄደው ወደ ውጭ ነው ቢባል ግማሽ እውነት ይሆናል። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሹን ያህል ራሷ ትጠጣለች፤ ብዙዎቹ አምራች አገሮች ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው የሚጠጡት። ችግሩ ከመጠኑ ላይ ሳይሆን ከድርሻው ላይ ነው። በደርግ ዘመን በየኬላው የመንገደኛ ሻንጣ ተከፍቶ ቡና ሲፈለግ ያዩ የማኅበሩ አባላት ጥቂት አይደሉም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 602 ደግሞ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ በግልጽ ከለከለ። በዚህም ምክንያት ለኢትዮጵያዊው ጠጪ በሕጋዊ መንገድ የሚደርሰው ከውጭ ገበያ ደረጃ በታች የሆነውና ተበጥሮ የቀረው ነበር። ይህ አዋጅ በ2009 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1051 ተተክቶ የግብይቱ መንገድ ቢሰፋም፣ ለረጅም ዘመን የተለመደው አመለካከት ግን በአዋጅ ብቻ አይሻርም። ጥሩው ለፈረንጅ፣ ቀሪው ለአገሬው የሚለው አስተሳሰብ ከነጋዴውም ከባለካፌውም ልብ ገና አልወጣም። ይበልጥ የሚያስገርመው የአገር ውስጥ ዋጋ ከውጭ ገበያው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ማጋጠሙ ነው። ላኪው የውጭ ምንዛሪውን ለሌላ ዕቃ ማስመጫ ስለሚፈልገው ቡናውን በኪሣራ ሲሸጥ፣ ጅማ ላይ የተቀመጠው ጠጪ ለተበጠረው ቡና ከባሕር ማዶው ገዢ የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው።

የውጭው ገበያ ራሱ ለጅማ ደግ ሆኖ አልኖረም። «ጅማ 5» የሚለው ስም በዓለም የቡና ነጋዴዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት የሚታወቀው በርካሽነቱ ነው። ከሌላ ጋር ተደባልቆ የሚቆላ፣ አፈር አፈር የሚል ያልታጠበ ቡና ማለት ነበር። ለዚህ ጥፋቱ የዛፉ አልነበረም። ቀዩ ፍሬ ካልበሰለው ጋር አብሮ ሲለቀም፣ ከዚያም ዝናቡ ባላባራበት ወራት በባዶ መሬት ላይ ሲሰጣ፣ ከምንም ያህል መልካም ዛፍ የተገኘ ቢሆን ይበላሻል። ከጅማ በስተምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአጋሮ ዙሪያ የተቋቋሙ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህንኑ በተግባር አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በጎማ ወረዳ የተመሠረተው ዱሮሚና የተባለው ማኅበር፣ ከዚያ በፊት በጀንፈል ይሸጥ የነበረውን ቡና ቀይ ቀዩን ለቅሞ በማጠብና ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ በማድረቅ፣ ገና በ2012 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአፍሪካ ቡናዎች የቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉ ያው ነው፤ ገበሬውም ያው፤ የተለወጠው አያያዙ ነው።

አጋሮን ለማየት ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የለቀማ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ገንዘቡም ሰውም በከተማዋ ይበዛል፤ ጀበናውም ሌሊቱን አያርፍም፤ የጭነት መኪናው፣ ደላላው፣ ሚዛኑ፣ ጆንያ ጠጋኙ መንገዱን ያጣብባል። ለቀማው ሲያበቃ ብዙዎቹ የቡና ማፍያ ዳሶች ይታጠፋሉ። ከካፌ የበለጠ ቤት ውስጥ የሚጠጣባት ከተማ ናትና፣ እንግዳ የሆነ ሰው የአጋሮን ቡና ለመቅመስ ከሁሉ በፊት መጋበዝ ያስፈልገዋል። መጋበዙም አያስቸግርም። ስኳር እንደሚቀርብለት ተስፋ የሚያደርግ እንግዳ ግን በገጠሩ ቤት ጨው ወይም ቅቤ ሲጨመርለት እንዳይደናገጥ አስቀድሞ ቢነገረው ይበጃል። ቡናን በቅቤ ማቅረብ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጥንታዊ ነው፤ «ቡና ቀላ» በሚባለው ሥርዓት ፍሬው ሳይፈጭ ከነቅርፊቱ በቅቤ ተጠብሶ ይበላል፤ «ቀላ» የሚለው ቃልም መታረድን ያመለክታል።

በዚያው በጎማ ወረዳ ጮጬ የሚባል ስፍራ አለ። የአካባቢው ሰው ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚህ ነው ይላል። የካፋ ሰው ደግሞ የለም፣ ማንኪራ ነው ይላል። ስለ ፍየል ጠባቂው የሚነገረውን ተረት ሁለቱም ወገን ይጠቅሱታል። ተረቱ በጽሑፍ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ በታተመ የላቲን መጽሐፍ ሲሆን፣ እረኛው በዚያ ውስጥ ካልዲ የሚል ስም የለውም። የአራቢካ ቡና መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ጫካ መሆኑን ሳይንስ ይደግፈዋል፤ ጫካው ግን ወረዳ አይለይም። ሁለቱም ወገኖች ለክርክሩ የሚያጠፉትን ጊዜ ለሲኒው ቢያውሉት መንገደኛው ባመሰገናቸው ነበር። በጅማ ዋና አደባባይ ለብዙ ዓመታት ቆሞ የኖረው ትልቁ የጀበና ሐውልት እንኳ ለአላፊ አግዳሚው ቡና አልቀዳለትም።

በጅማና በአጋሮ መካከል ባለው መንገድ ላይ የሚገኘው መልኮ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ስፍራ ነው። በ1960 ዓ.ም. የተቋቋመው የጅማ የእርሻ ምርምር ማዕከል ያለው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ፍሬውን በዛፉ ላይ የሚያጠቁረውና የሚያበሰብሰው የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ በታየ ጊዜ፣ ተመራማሪዎቹ መድኃኒት ከመፈለግ ይልቅ ወደ ጫካውና ወደ ገበሬው ማሳ ገብተው በሽታው ያልጣላቸውን ዛፎች መረጡ። ዛሬ በየገበሬው ማሳ የሚታወቁት 74110 እና 74112 ከመቱ አጠገብ ከቢሻሪ የተገኙ ናቸው፤ የቁጥሮቻቸው መነሻ 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974 እ.ኤ.አ.ን ያመለክታል። ዝርያውን ያዳነው ጫካው ነው ማለት ነው። በዚያው አቅጣጫ የሚገኘው የያዩ የቡና ጫካና በደቡብ በኩል ያለው የካፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። ሲኒውን ይዞ የተቀመጠ ጠጪ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም፤ የሚነግረውም የለም። በአውሮፓ ከተሞች ባሉ ካፌዎች ቡናው የየትኛው ወረዳ፣ የየትኛው ማኅበር፣ የየትኛው ዝርያ እንደ ሆነ በከረጢቱ ላይ ተጽፎ ሲገኝ፣ ዛፉ ከበቀለበት ማሳ በእግር በሚደረስበት ካፌ ውስጥ ግን ዝም ብሎ «ቡና» ነው።

ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚያስኬደው መንገድ ቦንጋ ሲደርስ አየሩ ይረጥባል፣ ጫካውም እስከ ከተማው ጠርዝ ይቀርባል። ቦንጋ የቡና ሙዚየም ተሠርቶላታል። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ውድድር ላይ ዋጋው ዓለምን ያስደነቀው የጌሻ ቡናም ስሙን ያገኘው በዚሁ አገር ካለው ጌሻ ነው፤ ዘሩ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወጥቶ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ በኩል ነው እዚያ የደረሰው። ይሁን እንጂ ከቦንጋ እስከ ሚዛንና ቴፒ ለሚጓዝ ሰው ከሙዚየሙም ከጌሻም በላይ የሚያስታውሰው ጨሞን ሊሆን ይችላል። ጨሞ ከቡና ቅጠል ይዘጋጃል፤ ዝንጅብል፣ ሚጥሚጣ፣ ጤና አዳምና ሌላም ቅመም ይገባበታል፤ ጨውም አይቀርበትም። የሚቃጠል፣ የሚጠቅም የሚመስል፣ ከቡናም ከሻይም የማይመደብ መጠጥ ነው። በካፌ ዝርዝር ላይ አይገኝም። ቅጠሉ ደረጃ አይወጣለትም፣ ቀማሽ አይፈርድበትም፣ በኬላም አልተፈተሸም። ፍሬው ተለቅሞ፣ ተመዝኖ፣ በጆንያ ታስሮ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ ከወጣ በኋላም ዛፉ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ስለሆነ፣ ያመረተው ቤተ ሰብ ጧት ጧት ጨሞውን እያፈላ ይጠጣል።