ፋይል ከውጭ አልከፈት ሲል



የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ለምንጠብቅ ሰዎች ከሚቀርቡልን አቤቱታዎች አንዱ ሳይለወጥ ይኖራል፤ «ፋይሉ ቢሮ ሳለሁ ይከፈታል፤ ከቤት ስሞክረው ግን እምቢ ይላል» የሚለው ነው። ይህን የሰማ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ራውተሩ ሄዶ ፖርት መክፈት ይጀምራል። እኔ ግን ጉዳዩ ከሰርቨሩ ተነሥቶ ወደ ውጭ ደረጃ በደረጃ ሊመረመር ይገባል ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ እዚያው ቢሮ ውስጥ ፋይሉ ከሌላ ኮምፒዩተር መከፈቱን፣ የሰርቨሩም አድራሻ ቋሚ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ቀጣዩ ፈተና በእርግጥ ከውጭ መደረግ አለበት። ብዙ ራውተሮች ከውስጥ ተነሥቶ ወደ ራሳቸው የውጭ አድራሻ የሚመለስን ጥያቄ ስለማያስተናግዱ፣ ቢሮ ተቀምጦ ለሚሞክር ሰው ደኅናው መስመር የተበላሸ ይመስለዋል። ዋይፋይ ዘግቶ በሞባይል ዳታ መሞከር ይበቃል።

ከዚያም በራውተሩ ላይ የሚነበበው የውጭ አድራሻ፣ ከኢንተርኔት በኩል ከሚታየው ጋር ይመሳከር። የራውተሩ አድራሻ በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምር፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል የሚገኝ ከሆነ፣ አቅራቢው ድርጅት ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የውጭ አድራሻ ጀርባ አስቀምጧል ማለት ሊሆን ይችላል። የአይፒቪ4 አድራሻዎች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ስለሆኑ፣ ይህ የ100.64 ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ተግባር ተለይቷል። በእንዲህ ያለ ቦታ ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት ውኃ መውቀጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዊንዶውስ ፋይል የሚያጋራበትን ፖርት 445ን ብዙ አቅራቢዎች ይዘጉታል። ሥራ የቸኮለበት አለቃ «ምንም አድርገህ ክፈተው» ሊል ይችላል። ባለሙያው እምቢ ማለት ያለበት እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የተዛመተው በዚሁ ፖርት በኩል ነበር። በብሪታንያ ሐኪም ቤቶች የታካሚዎች ቀጠሮ ተሰረዘ። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ግን ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነበር። የፖርቱን ቁጥር መለወጥም አያድንም፤ ፈላጊው ሁሉንም ቁጥሮች ያንኳኳልና።

ስለዚህ መንገዱ ቪፒኤን ነው። የውጭ አድራሻ በሌለበት ቢሮም፣ ግንኙነቱን ሰርቨሩ ራሱ ወደ ውጭ የሚጀምርበት ዓይነት ይሠራል።

ቪፒኤኑ ተገናኝቶ ፋይሉ አሁንም ካልተገኘ፣ ሁለት ነገሮች ይታዩ። ቤቱም ቢሮውም 192.168.1 የሚል ቁጥር ይዘው እንደሆነ፣ የሠራተኛው ኮምፒዩተር የቢሮውን ሰርቨር እዚያው ቤቱ ውስጥ ሲፈልግ ይኖራል፤ ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ቁጥሩን መለወጥ ያለበትም ቢሮው ነው። ሁለተኛው የሰርቨሩ የራሱ ፋየርዎል ነው። ብዙ ጊዜ ፋይል የሚያካፍለው ለቅርብ ኔትወርኩ ብቻ ስለሆነ፣ የቪፒኤኑ የአድራሻ ክልል በፈቃዱ ዝርዝር ውስጥ ይጨመርለት።