የሬዲዮ ሞገድን በዓይን ማየት

በማኅበራችን ስብሰባ ለወጣቶችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር



ከወላጆቻችን ብዙዎቹ የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ከአገር ቤት ያውቁታል። ጣቢያ ሲፈለግ ማዞሪያው ቀስ ተደርጎ ይዞራል፤ ከጩኸቱ መሀል የሰው ድምፅ ሲመጣ እጅ ይቆማል። የአማተር ሬዲዮ ሰዎችም ለብዙ ዘመን የሠሩት እንዲሁ ነው። ችግሩ ጆሮ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ መስማቱ ነው። ከእኛ 10 ኪሎኸርዝ እልፍ ብሎ ሰው ቢጠራን አናውቅም። የስፔክትረም ማሳያ የምንለው እንግዲህ ያንን ሰው በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚያሳየን ነው። ከላይ ጣቢያዎቹ እንደ ተራራ ጫፍ ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ፤ ከታች ደግሞ «ፏፏቴ» የሚሉት ሥዕል እየወረደ ያለፉትን ሰከንዶች ያሳያል።

«ለዚህ አዲስ ሬዲዮ መግዛት አለብን ወይ?» ትሉን ይሆናል። የለብንም። እ.ኤ.አ. በ2016 እንደወጣው ኢኮም አይሲ-7300 ያሉ ሬዲዮኖች ማሳያው ራሳቸው ላይ አለ፤ ዋጋቸው ግን ለተማሪ ኪስ ይከብዳል። ለእኛ አንድ አሮጌ ሬዲዮ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ፍላሽ የምታህል መቀበያ ይበቁናል። ይህች መቀበያ አርቲኤል-ኤስዲአር ትባላለች። መጀመሪያ የተሠራችው በኮምፒውተር ቴሌቪዥን ለማየት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ግን በዓለም ዙሪያ ያሉ ሬዲዮ ወዳዶች ብዙ ዓይነት ሞገድ ይቀበሉባታል።

ለምሳሌ ያኤሱ ኤፍቲ-857ን እንውሰድ። ከሁሉ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ሬዲዮ በአጭር ሞገድ እስከ 100 ዋት ያሰራጫል። ትንሿ መቀበያ ደግሞ የተሠራችው እጅግ ደካማ ምልክት ለመቀበል ነው። የአንቴናውን ገመድ ለሁለት ከፍለን አንዱን ለሬዲዮው፣ አንዱን ለእርሷ ብንሰጥ፣ የመናገሪያው ቁልፍ በተጫነ ጊዜ ትቃጠላለች። ስለዚህ ምልክቱን የምንወስደው ከአንቴናው ሳይሆን ከሬዲዮው ውስጥ ነው። ኤፍቲ-857 የሚቀበለውን ጣቢያ ሁሉ መጀመሪያ ወደ 68.33 ሜጋኸርዝ ይቀይረዋል። እዚያ ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ የማጉያ ካርድ በካውያ ትበየድና ቀጭን ገመድ ወደ ውጭ ይወጣል። ካርዷ ምልክቱን ታሳልፋለች፤ ከኮምፒውተሩ በኩል የሚመጣ ጩኸት ወደ ሬዲዮው እንዳይገባም ትከላከላለች። ይህን ሥራ ልጆች ብቻቸውን አይሠሩትም። ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ፣ የሚያውቅ ሰው ከጎን ቆሞ ነው የሚሠራው። ከኋላቸው የዚህ ምልክት መውጫ ያላቸው ሬዲዮኖችም አሉ፤ ለእነሱ ገመድ ብቻ ይበቃል፤ መክፈት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ነው። ሦስት ነፃ ፕሮግራሞች እንጭናለን። ዛዲግ የመቀበያዋን ድራይቨር ያስገባል፤ ኤችዲኤስዲአር ሥዕሉን ያሳያል፤ ኦምኒ-ሪግ ደግሞ ኮምፒውተሩን ከሬዲዮው ጋር ያነጋግራል። ኤችዲኤስዲአር ላይ 68.33ን እናስገባለን። ሬዲዮው ሲቀይር ከፍተኛውን ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛውን ከፍተኛ ስለሚያደርገው ሥዕሉ እንደ መስታወት ተገልብጦ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ውስጥ የመገልበጫው ምልክት ሲደረግ ይስተካከላል። የግንኙነቱ ፍጥነት፣ 4800 ይሁን 9600 ወይም 38400፣ በሬዲዮውም በኮምፒውተሩም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ አንድ ጫፍ ብትጫኑ ሬዲዮው ራሱ ወደዚያ ጣቢያ ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ትንሽ ሒሳብ፤ ለባግሩት የምታጠኑ ስሙን። መቀበያዋ በሰከንድ 2,048,000 ናሙና ትወስዳለች እንበል። ኮምፒውተሩ ይህን ስፋት 4,096 ቦታ ቢከፍለው እያንዳንዱ ክፍል 500 ኸርዝ ይሆናል። በዚህ ተቀራርበው የሚሠሩ ሁለት የሞርስ ጣቢያዎች እንደ አንድ ይታያሉ። 32,768 ቦታ ቢከፍለው ግን እያንዳንዱ 62.5 ኸርዝ ይሆንና ይለያያሉ። የሰው ድምፅ 3 ኪሎኸርዝ የማይሞላ ሰፊ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ሞርስ ቀጭን የተቆራረጠ መስመር ነው። 14.074 ሜጋኸርዝ ላይ በየ15 ሰከንዱ የሚፈራረቁ መስመሮች ካያችሁ ኤፍቲ8 የሚባለው የኮምፒውተር ግንኙነት ነው። ወላጆች፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ሥዕል ላይ አፍጥጦ ብታገኙት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ፊዚክስና ሒሳብ ነው።

እኩል ተራርቀው የተደረደሩ መስመሮች ስክሪኑን ከሞሉትስ? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቤታችን ዕቃ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ፤ መብራቶቹን አንድ በአንድ አጥፉ። መስመሮቹ አብረው ከጠፉ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ይህንን ጆሮ ብቻውን በቀላሉ አይለየውም።

ነገር ግን «መቶ ጊዜ ከመስማት አንዴ ማየት» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ስክሪኑ የሚያሳየን የእኛ አንቴና የደረሰውን ብቻ ነው። በ14 ሜጋኸርዝ ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከላይኛው አየር ታጥፎ ሩቅ ቦታ ላይ ይወርዳል፤ ቅርቡን ይዘለዋል። ስለዚህ በበኤር ሼቫ ያለው ጣቢያ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችውን አዲስ አበባን እየሰማ፣ 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ያለውን የሃይፋ ጣቢያ ላይሰማው ይችላል። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ አዲስ አበባ ነው ያለው። እርሱን ከሃይፋ የሚያነጋግር ሰው ቢኖር፣ በበኤር ሼቫ ስክሪን ላይ የሃይፋው ቦታ ባዶ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ባዶ መስሎን ብንናገር የሰው ጨዋታ እናቋርጣለን፤ አዲስ አበባ ላይ የእኛ ድምፅ በእነሱ ላይ ይወድቃል።

ለዚህ ነው ባዶ የሚመስል ቦታ ስናገኝ መጀመሪያ በጆሮ የምናዳምጠው። ከዚያ «ይህ ቦታ ተይዟል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን፤ በሞርስ «ኪውአርኤል?» ይባላል። መልስ ጠብቀን ደግመን እንጠይቃለን። ሰው ቤት ሲገባ «ቤቶች!» እንደማለት ነው፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ብቻ ዘው ተብሎ አይገባም።

ወጣቶች፣ ለማሰራጨት ከመገናኛ ሚኒስቴር፣ ከሚስራድ ሃቲክሾሬት፣ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈተናም አለው። እስከዚያው ማሳያውን አብረን እንሥራ፤ ጣቢያዎቹን በዓይን መለየት፣ በጆሮ ማረጋገጥ እንልመድ። ቤታችሁ ያለ ሥራ የተቀመጠ ላፕቶፕ ካለ ይዛችሁት ኑ።