መጠበቅ የሠራቸው መንደሮች

በጅቡቲ ከተማ ለስደተኛ ወገኖቻችን የቀረበ ንግግር



 ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ምድር ባቡሩና በሐዲዱ ዳር ስለ በቀሉት መንደሮች ነው። ርእሱን ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። ተማሪዎቻችንን «የምትኖሩበትን ቦታ ታሪክ ጻፉ» ብንላቸው፣ ብዙዎቹ «እዚህ ታሪክ የለም፤ ድንጋይ ብቻ ነው» ብለው ጽፈውልናል። በወላጆችም መካከል አንድ ክርክር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዶቻችን በመጠለያው ዙሪያ ድንጋይ እንካብ፣ ዛፍ እንትከል እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ድንጋይ መካብ ማለት እዚሁ መቅረትን መቀበል ነው፤ ነገ ለምንሄድ ሰዎች ምን ያደክመናል?» እንላለን። ክርክሩ የዋዛ አይደለም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ያኳረፈበት ጊዜም አለ። የባቡሩ መንደሮች ታሪክ ለዚህ ክርክር የሚሰጠው ነገር አለ ብለን እናምናለን። ዘመኑን የምንናገረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የባቡሩ መዝገብ በዚያ የተያዘ ስለሆነ።

ከዚሁ ከቆምንበት ከተማ እንጀምር። ጅቡቲ ጥንታዊ ከተማ አይደለችም። ቀድሞ የሐረር ንግድ ወደ ባሕር የሚወርደው በዘይላ በኩል ነበር። ፈረንሳዮች ኦቦክ ላይ ሰፍረው ከቆዩ በኋላ፣ ለመርከብ የሚመች ወደብ ፈልገው ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረው ወደዚህ መምጣት የጀመሩት በ1888 ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መሥሪያ ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ሲሆን፣ ሥራው እዚህ ጅቡቲ ላይ የተጀመረው በጥቅምት 1897 ነበር። እንግዲህ ከተማዋ ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላት ነው ሐዲድ የተዘረጋባት። ጅቡቲን ጅቡቲ ያደረጋት መርከብና ባቡር እዚህ መገናኘታቸው ነው ብንል አንሳሳትም።

የተዘረጋው ሐዲድ ቀጭን ነበር፤ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ክብደቱም በሜትር 20 ኪሎ ብቻ። ከሥሩ የሚጋደመውን እንጨት ምስጥ ስለሚበላው በብረት ተኩት። ሥራው ሲገፋ የሠራተኛው ሰፈርም አብሮ ይገፋል። ዛሬ እዚህ የተተከለ ድንኳን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነቅሎ ወደ ፊት ይሄዳል። ሰፈሩ ረዘም ላለ ጊዜ የሚረጋው ገደል ሲያጋጥም ነው። ከጅቡቲ ወጣ እንዳሉ ሸበሌ ላይ፣ ቀጥሎም ሆልሆል ላይ ታላላቅ የብረት ድልድዮች መሥራት አስፈለገ። የሆልሆሉ ድልድይ 138 ሜትር ርዝመት፣ 29 ሜትር ከፍታ አለው። ሆልሆል ካምፕ ለምትኖሩ ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ልጆቻችሁ የሚያዩት ድልድይ ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የቆመ ሥራ አጠገባቸው እያለ «እዚህ ታሪክ የለም» ብለው መጻፋቸው ግን እኛን መምህራኑን ያሳስበናል።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ሐዲዱ ያለፈበት ምድር ባዶ አልነበረም። የኢሳዎች የግጦሽ ቦታ፣ የግመሎቻቸውም የውሃ መንገድ ነበር። በሥራው መጀመሪያ ዓመታት ግጭት ተነሥቶ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል። በውሃ ጉድጓድ ዳር ጀሪካን ይዘን ከአካባቢው ተወላጆች ጋር ስንጋፋ፣ ይህ ጉዳይ ከእኛ በፊት የነበረ መሆኑን ማወቅ ቢያንስ ድምፃችንን ዝቅ ያደርገዋል።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባቡር የሚቆመው ሰው ለማሳፈርና ጭነት ለማውረድ ብቻ ይመስለናል። የድሮው ባቡር ግን የእንፋሎት ነው፤ እሳት አንድዶ፣ ውሃ አፍልቶ፣ በእንፋሎቱ ጉልበት የሚሄድ ነው። እንፋሎቱ በጭስ መውጫው እየተነፈሰ ስለሚያልቅ ባቡሩ እንደ ግመል ችሎ ሊያልፍ አይችልም፤ በየመንገዱ መጠጣት አለበት። ስለዚህ ጣቢያ የሚቆረቆርበትን ቦታ ውሃው ራሱ ይመርጠዋል ማለት ነው። ውሃ በሌለበት ደግሞ፣ ዛሬ ለእኛ በቦቴ እንደሚመጣልን ሁሉ፣ በውሃ ፉርጎ ይጫናል።

ሌላው ምክንያት መንገዱ ነጠላ መሆኑ ነው። ከጅቡቲ የሚወጣውና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር የሚተላለፉት ሐዲዱ ሁለት በሚሆንበት በጣቢያ ብቻ ነው። አንደኛው ቀድሞ ከደረሰ ሌላውን ይጠብቃል፤ የዘገየው ምን እንዳጋጠመው እንጃ፣ ጥበቃው ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ሰው ሲጠብቅ ይጠማል፣ ይርበዋል፣ ጥላ ይፈልጋል። አንዷ ሻይ ታፈላለች፤ ሌላዋ ወተት፣ ሌላው ፍየልና ከሰል ይዞ ከገጠር ይመጣል። የጣቢያው ሹም፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛው፣ ሐዲድ ጠጋኞቹ ከነቤተሰቦቻቸው አሉ። ዓሊ ሳቢህ፣ ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ የምንላቸውን ቦታዎች እንዲህ አድርጋችሁ አስቧቸው። ምድራቸው እህል አያበቅልም፤ ያቆማቸው መጠበቅ ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመው የድሬዳዋ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ባቡሩን ሐረር ማግባት ነበር። ሐረር ግን ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተራራ ላይ ተቀምጣለች። ሽቅብ ማውጣቱ ገንዘብና ጉልበት የሚጨርስ ሆነና ሐዲዱ ከተራራው ሥር፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1902 ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያ ደረሰ። ምኒልክ ቦታውን «አዲስ ሐረር» አሉት፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም። ስም በአዋጅ እንደማይጸና ከዚህ ይታወቃል።

እዚያ ላይ ሐዲዱ ቆመ። የፈረንሳይ መንግሥት በዚያው በ1902 ንጉሠ ነገሥቱን ሳያማክር ከኩባንያው ጋር ውል ተዋውሎ ነበርና፣ ምኒልክ ተቆጥተው ምረቃው ላይ ሳይገኙ ቀሩ። እንግሊዞችና ጣልያኖችም ባቡሩ የፈረንሳይ ብቻ እንዳይሆን ይጎትቱ ነበር። ገንዘቡ አለቀ፤ በ1907 ኩባንያው ከሰረ። በ1908 በምኒልክ ሐኪም በዶክተር ቪታልየን ስም አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ አዲስ ኩባንያ እስኪቋቋም፣ ሥራውም እንደገና እስኪቀጥል ድረስ የባቡሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ሆና ቀረች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የመንገዱ ጠቅላላ ርዝመት 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

እስቲ በእነዚያ ዓመታት ድሬዳዋ የነበሩትን ሰዎች አስቡ። ለጥቂት ወራት ሥራ የመጣው ግንበኛ፣ ጭነቱን ከፉርጎ አውርዶ በግመልና በበቅሎ ሽቅብ የሚልከው ነጋዴ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ከሐረርጌ የወረደው ኦሮሞ፣ ሶማሌው፣ አማራው። ሐዲዱ መቼ እንደሚቀጥል የሚነግራቸው አልነበረም። ውሳኔው ያለው አዲስ አበባ፣ ፓሪስና ሎንዶን ነው፤ እነርሱ ግን በደቻቱ አሸዋ ዳር ናቸው። ይህ ሁኔታ ለእናንተ አዲስ አይመስለንም። ሆኖም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ኩባንያው በአንዱ ወገን ከዚራን ቀጥ ባለ ጎዳናና በዛፍ ጥላ ሠራ፤ ከደቻቱ ማዶ ደግሞ መጋላ ገበያው ደራ። የባቡሩ የጥገና ወርክሾፕ ተከፈተ፤ በዚያ የገባ ልጅ ብረት መቅረጽ፣ መበየድ፣ ፈረንሳይኛም ጭምር ተምሮ ወጣ። በኋላም የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች መጡ።

አዋሽም የጥበቃ ልጅ ናት። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። በኅዳር 1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የመጡት የውጭ አገር እንግዶች ከመርከብ እዚህ ጅቡቲ ወርደው በዚሁ ሐዲድ ነው የወጡት። ልዑሉም ሎሌውም አንድ ባቡር ሲጠብቅ ማየት ለአዋሽ ሰው ብርቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሐዲዱ ደግሞ ስደተኛ ማውረድ ጀመረ። ግንቦት 2 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ ከነቤተሰባቸው አዲስ አበባን በባቡር ለቀቁ፤ በማግሥቱ ጅቡቲ ደረሱ፤ ግንቦት 4 በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሄዱ። እንግዲህ ጅቡቲ ጣቢያ ላይ አገሩን ጥሎ የወረደ ኢትዮጵያዊ ሲታይ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ተራው ደግሞ ለጅቡቲ ደረሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከተማዋን የያዘው የቪሺ መንግሥት ስለ ነበር፣ እንግሊዞች እስከ ታኅሣሥ 1942 በባሕርም በየብስም ከበቧት። ባቡሩ ሲቀር እህሉም ቀረ፤ ሕዝቡ ክፉኛ ተራበ።

በ1977 የኦጋዴን ጦርነት ሲነሣ ድልድዮች በፈንጂ ፈረሱና መንገዱ ለአንድ ዓመት ያህል ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሰኔ ነጻነቷን ያገኘችው ጅቡቲ፣ ገና በእግሯ ሳትቆም በሺህ የሚቆጠር ስደተኛ ተቀበለች፤ ዓሊ ሳቢህና ዲኪል ላይ ካምፖች ተተከሉ። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ሌላ ጎርፍ መጣ፤ ዓሊ አዴ ካምፕ የተከፈተው ያኔ ነው። ከመካከላችን በሁለቱም ጊዜ የተሰደዱ እናቶች አሉ።

የባቡሩ ሞት ግን በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የናፍጣ ባቡር ሲገባ ውሃ መቅዳት ቀረ፤ ትንንሾቹ ጣቢያዎች መድከም የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ይመስለናል። ጥር 1985 አዋሽ አጠገብ ፈጣኑ ባቡር ኩርባ ላይ ካለው ድልድይ ወድቆ ከ400 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ አሰብ ሲዘጋ የኢትዮጵያ ጭነት በአብዛኛው ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ያረጀው ሐዲድ ግን ሊሸከመው አልቻለም። ጭነቱን ከባድ መኪናዎች ወሰዱት። በ2000ዎቹ መጨረሻ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ቆመ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በጥቅምት 2016 ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2018 መጀመሪያ ነው። እዚህ ያለው ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ናጋድ ላይ ነው። ይህኛው ውሃ አይጠጣም፤ ለማደርም አይቆምም። ለተሳፋሪው መልካም ነው፤ ሻይ አፍልታ ለምትጠብቀው ሴት ግን ፉጨቱን ብቻ ነው የሚተውላት።

ታዲያ ባቡሩ ሲቀር የትኛው መንደር ተረፈ? ድሬዳዋ ተርፋለች፤ ወርክሾፑ ቢዳከም የተማረው እጅ፣ ፋብሪካው፣ ገበያው ነበራት። ዓሊ ሳቢህ ወረዳና አስተዳደር፣ ትምህርት ቤትም አፍርታ ነበርና ቆመች። አዋሽን መኪናው መንገድ ደገፋት፤ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው አዲሱ ሐዲድም የሚገነጠለው ከእርሷ ነው። የባቡሩን መምጣት ብቻ ሲጠብቁ የነበሩት ትንንሽ ጣቢያዎች ግን ጣራቸው ተነሥቶ፣ ግድግዳቸው ተራቁቶ ይታያል።

እኛ መምህራን በድንጋዩ ክርክር ላይ ያለንን አሳብ ልንደብቅ አንፈልግም። ካቡ ይካብ፤ ጥላ የሚሰጠውም ዛፍ ይተከል እንላለን። ከድሬዳዋ ግንበኞች መካከል ቤት የሠራ ሰው ሐዲዱ ሲቀጥል ወደ አዋሽ ከመሄድ አልታገደም፤ ሙያውን ይዞ ሄደ። ቤቱንም ሌላ ኖረበት። መሄድ የሚፈልግ ሰው ካብ አይዘውም። በዚህ የማይስማሙ አባቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ ከንግግሩ በኋላ ቢሞግቱን ደስ ይለናል።

ከመካከላችሁ በምድር ባቡር የሠራችሁ፣ ወይም አባታችሁ ሐዲድ ጠጋኝ፣ መካኒክ፣ ፍሬን ያዥ የነበረ፣ ሊቶሪናው ሲያልፍ እየቆጠራችሁ ያደጋችሁ ካላችሁ፣ ስማችሁን ለትምህርት ቤቱ አስመዝግቡ። ተማሪዎቹ ደብተር ይዘው መጠለያችሁ ድረስ ይመጣሉ፤ የምትነግሯቸውን ይጽፋሉ። አሮጌ ቲኬት፣ ፎቶግራፍ፣ የሥራ መታወቂያ ያለውም ያሳያቸው፤ አይተው ወዲያው ይመልሳሉ።